አሮጌው የስፌት መኪና ከመጣሉ በፊት
አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር የስፌት መኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። በስሙ የሚጠሩት ባለ እግር መኪናዎች ዛሬም መብራት ባልደረሰባቸው የገጠር ገበያዎች ልብስ ይሰፋሉ። ገላቸውም ሆነ የውስጥ ዕቃቸው ብረት በመሆኑ በቀላሉ አያረጁም፤ የሚያሽከረክራቸውም የሰው እግርና የቆዳ ቺንጋ ብቻ ነው።

ይሁንና ብዙ መኪና ሳያረጅ ይጣላል። አንዱ ምክንያት በምግብ ዘይት መቀባቱ ነው፤ ዘይቱ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዘውና አልዞር ይላል። እንዲህ ያለው መኪና ከእሳት ርቆ በላምባ ታጥቦና ተወልውሎ፣ በቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ሲቀባ እንደገና ይሠራል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች አዲስ ለመግዛት የአባላትን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት አሮጌውን ለባለሙያ ማሳየት ይገባቸዋል። ቺንጋና መርፌ መለወጥ መኪና ከመግዛት ይረክሳል።