ተጨማሪ መረጃ፦ ሽንኩርቱና የቺካጎ ገበያ

የቺካጎ መርካንታይል ኤክስቼንጅ ለረጅም ዘመን የአባላቱ ንብረት ነበር። ወንበር (የአባልነት መብት) የገዛ ነጋዴ ይገበያይ፣ በደንብ አወጣጡም ላይ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ደንቡን የሚያስከብሩት፣ ደንቡ ቢጣስ ሊያተርፉ የሚችሉት ሰዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ነጋዴዎች በቺካጎ የተከማቸውን ሽንኩርት ከሞላ ጎደል ጠቅልለው ያዙት። ከዚያም ዋጋ ሲወርድ የሚያተርፉበትን ውል ገብተው ክምችቱን ገበያው ላይ አራገፉት። በነሐሴ 2.75 ዶላር ያወጣ የነበረ የ50 ፓውንድ ከረጢት በመጋቢት 1956 ወደ 10 ሳንቲም ወረደ፤ ባዶው ከረጢት ከነሽንኩርቱ ከሚሸጥበት ዋጋ በለጠ። ብዙ አምራቾች ለኪሳራ ተዳረጉ፤ በደሉ ከባድ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1958 የሽንኩርትን የወደፊት ግብይት (ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ርክክቡ በኋላ የሚፈጸምበትን ውል መገበያየት) በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው ዛሬም አለ።

ሁሉንም የወደፊት ግብይት የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ኮሚሽን የመጣው በ1974 በወጣ ሕግ ነው። የቺካጎው ገበያ ራሱ በ2002 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጧል። ይህ ግን የጥቅም ግጭቱን አላጠፋውም፤ ኩባንያው ብዙ ውል በተገበያየ ቁጥር ብዙ ክፍያ ይሰበስባልና የውጭ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

በአገራችን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲቋቋም፣ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በተለየ አዋጅ፣ በቁጥር 551/1999፣ ተቋቁሟል።