በአሜሪካ የሉተራን ምዕመናን መጋቢያቸውን እንዴት ይጠራሉ?

በአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሲሰናበት፣ ተተኪውን ጳጳሱ በትዕዛዝ አይልክም። እአአ በ1988 ሥራ በጀመረችው በዚህች ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ቃል የምዕመናኑ ነው።

ጊዜያዊ አገልጋይ መድረኩን ሲይዝ፣ የጥሪ ኮሚቴ የአጥቢያዋን ማንነትና አቅም በጽሑፍ ያሰናዳል። እዚህ ላይ የገንዘብ እጥረትን ወይም የውስጥ ቅራኔን መሸሸግ ኋላ መጋቢውንም ምዕመኑንም ይጎዳል።

ጳጳሱ ዕጩዎችን ይጠቁማል፤ ኮሚቴው አነጋግሮ አንዱን ያቀርባል። ጉባኤው በድምፅ መስጫ ወረቀት ይወስናል፤ ድምፅ ከሰጡት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ካልደገፉት ጥሪው አይጸናም። በተራ ምርጫ አሸናፊ የሚያደርገው 60 ከመቶ እዚህ አይበቃም። ደመወዙ በጥሪ ደብዳቤው ይሰፍራል፤ ጳጳሱም ይፈርምበታል።

የተጠራው ወይም የተጠራችው አገልጋይ ግን እምቢ ማለት ይችላሉ። ያኔ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል።