ድምፁ ለምን ይዘገያል? ቴሌቪዥንና ሸክላ ማጫወቻ ከገመድ አልባ ስፒከር ጋር ሲገናኙ

ገመድ አልባ ስፒከር በየቤቱ ከገባ ወዲህ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ። ቴሌቪዥኑ በብሉቱዝ ከስፒከሩ ጋር ሲገናኝ የዜና አንባቢው ከንፈር አስቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ይደርሳል። ከአባት የተወረሰው ሸክላ ማጫወቻ በትንሽ የብሉቱዝ አስተላላፊ አማካይነት ከዚያው ስፒከር ጋር ሲገናኝ ደግሞ መዘግየቱ ፈጽሞ አይታወቅም፤ ይሁን እንጂ ዘፈኑ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስል ደካማና ቀጭን ሆኖ ይሰማል። ብዙ ሰው በሁለቱም ጊዜ ስፒከሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድምና ሌላ ይገዛል። አዲሱም ከአሮጌው አይሻልም፤ ጥፋቱ ያለው ድምፁ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነውና።

ከሸክላው እንጀምር። መርፌው በጠመዝማዛው ቦይ ውስጥ ሲጓዝ የቦዩ ግድግዳዎች ያንቀጠቅጡታል። በብዙዎቹ ማጫወቻዎች ከመርፌው ዘንግ ጫፍ ላይ ደቃቅ ማግኔት ስላለች እርሷም በጥቅልል ሽቦ አጠገብ ትርገበገባለች፤ በዚህም ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው የኤሌክትሮ ማግኔታዊ ኢንዳክሽን ሕግ መሠረት በሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። መጠኑ ግን ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። የብሉቱዝ አስተላላፊው የሚጠብቀው ከዚህ 100 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ምልክት ነው። ለድካሙ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቅጥነቱ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ወፍራም ድምፅ እንዳለ ቢቀረጽ መርፌውን ከግራ ወደ ቀኝ እጅግ ስለሚያወዛውዘው ቦዮቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተራርቀው መቀረጽ ይኖርባቸዋል፤ በአንድ ሸክላ ላይ የሚሰፍረው ሙዚቃም ያጥራል። ቀጭኑ ድምፅ በበኩሉ በቦዩ ሻካራነት ከሚፈጠረው ሽሽታ በታች ይዋጣል። ስለዚህ ቀራጮቹ ሆን ብለው ወፍራሙን ይቀንሳሉ፣ ቀጭኑን ያጎላሉ። የአሜሪካ የድምፅ ቅጂ ኢንዱስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1954 ወጥ ባደረገው ሥርዓት መሠረት፣ ከ1,000 ኸርዝ ጋር ሲነጻጸር የ20 ኸርዝ ድምፅ በቮልቴጅ ወደ 10 ጊዜ ያህል አንሶ፣ የ20,000 ኸርዙ ደግሞ 10 ጊዜ ያህል ጎልቶ ይቀረጻል። ይህን የሚገለብጠው ፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር የተባለው መሣሪያ ነው፤ ምልክቱን ከማጉላቱም በላይ የተወሰደውን ወፍራም ድምፅ ይመልሳል። ያለ እርሱ የስፒከሩን ድምፅ የቱንም ያህል ብንጨምር የምንሰማው የተዛባውን ነው። በብዙ አዳዲስ ማጫወቻዎች ውስጥ አብሮ ስለሚሠራ ከጀርባ "ፎኖ" እና "ላይን" የሚል ማብሪያ ይገኛል። ፕሪአምፕሊፋየር በሌለው አስተላላፊ ላይ ከተሰካ "ላይን" ላይ መሆን አለበት።

በዚህ አጋጣሚ ከሰሜን አሜሪካ ማጫወቻ የሚያስመጡ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በዚያ አገር የኤሌክትሪክ ኃይል 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ ድግግሞሹን ግን አይነካም። ፍጥነቱን ከመስመሩ ድግግሞሽ በሚወስድ የድሮ ሞተር የሚሠራ ማጫወቻ ከሆነ በደቂቃ 45 ዙር መሄድ የሚገባው ሸክላ 37.5 ዙር ብቻ ይሄዳል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ባለ 45 ዙር ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ማጫወቻ ላይ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ያንጎራጉራል። ለዚህ የትኛውም ስፒከር መፍትሔ አይሆንም።

አሁን ወደ መዘግየቱ እንለፍ። ጥፋቱን በሬዲዮ ሞገዱ ላይ መጣል አይቻልም፤ 10 ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት 33 ናኖሴኮንድ ብቻ ነውና። ከስፒከሩ እስከ ጆሯችን ባለው 3 ሜትር ላይ ድምፁ የሚያጠፋውም 9 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። (በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል የሚሉ አሉ፤ ግፊቱና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናነት የሙቀት መጠኑ ነው።) በተለመደው ብሉቱዝ የሚታየው መዘግየት ግን እንደ መሣሪያው ከ100 እስከ 250 ሚሊሴኮንድ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ጊዜው የት ጠፋ?

ጊዜው የጠፋው በዝግጅትና በጥበቃ ነው። ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ናሙና እየተወሰደለት ወደ ቁጥር ቢለወጥ፣ ለሁለት ቻናል በእያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ሲሰጥ በሴኮንድ 1.4 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። ይህ ለተለመደው የብሉቱዝ የድምፅ መስመር ስለሚበዛ ወደ ሩብ ያህሉ ይታመቃል፤ በየእሽጉ ተከፋፍሎም ይላካል። ለማመቅ ደግሞ በቂ ናሙና እስኪጠራቀም መጠበቅ ግድ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ዋይፋዩም፣ ማይክሮዌቭ ምድጃውም ስለሚርመሰመሱ ብሉቱዝ በ79 ቻናሎች መካከል በሴኮንድ 1,600 ጊዜ ድረስ እየዘለለ ይሸሻቸዋል፤ የጠፋ እሽግ ካለ እንደገና ይላካል። ድምፁ እንዳይቆራረጥ ስፒከሩ የደረሰውን ወዲያው አያጫውትም፤ መጠባበቂያ ያከማቻል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቤተሰቡ ከሮቶ ስለሚቀዳ የመስመሩ መቋረጥ እንደማይታወቀው ማለት ነው። ሮቶው በተለቀ መጠን መቋረጡ ይቀንሳል፤ ቧንቧው ላይ የሚደርሰው ውኃ ግን የቆየ ውኃ ነው።

ለሸክላው ይህ ምንም አያመጣም። ባለ 45 ዙር ሸክላ በሴኮንድ 270 ዲግሪ ስለሚዞር በ200 ሚሊሴኮንድ መዘግየት መርፌው የምንሰማውን ቦታ 54 ዲግሪ አልፎት ሄዷል። ሆኖም ማንም ሰው ቦዩን በዓይኑ እያነበበ ሙዚቃ አያዳምጥም።

ቴሌቪዥን ግን ምስክር አለው፤ እርሱም ከንፈር ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ድምፁ ከምስሉ 45 ሚሊሴኮንድ ያህል ሲቀድም፣ ወይም 125 ሚሊሴኮንድ ያህል ሲዘገይ ተመልካች መለየት ይጀምራል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አለመሆናቸው የሚያስገርም አይደለም። ከሸለቆ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ምሳሩ ሲወርድ እናያለን፤ ድምፁ ቆይቶ ይደርሰናል። ድምፁ ምሳሩን ቀድሞ የደረሰበት ጊዜ ግን የለም። 125 ሚሊሴኮንድ ድምፅ 42 ሜትር ገደማ የሚጓዝበት ጊዜ ስለሆነ፣ አእምሯችን እስከዚያ ርቀት ያለውን መዘግየት እንደ ተፈጥሮ ይቀበለዋል ማለት ይቻላል። ብሉቱዙ 200 ሚሊሴኮንድ ሲዘገይ ግን ተናጋሪውን 68 ሜትር አርቆ ያስቀምጠዋል፤ ፊቱ ግን እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነው።

በቴሌቪዥኑ ዝርዝር ውስጥ "ኦዲዮ ዲሌይ" የሚለውን አግኝተው ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉ ሰዎች ችግሩን ያባብሱታል፤ ይህ ማስተካከያ ብዙውን ጊዜ ድምፁን ይበልጥ ለማዘግየት እንጂ ለማስቀደም አያገለግልም። መዘግየት ያለበት ምስሉ ነው። ለዚህም ማስታወሻ ያስፈልጋል፦ 1,920 በ1,080 ነጥብ ያለው አንድ ምስል ሳይታመቅ 6.2 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በሴኮንድ 50 ምስል ከሆነ ለ200 ሚሊሴኮንድ 10 ምስሎች፣ ማለትም 62 ሜጋባይት ያህል ማቆየት ይጠይቃል። ይህን የሚያደርጉ ቴሌቪዥኖች አሉ፤ በስልክ የሚታዩ የቪዲዮ ፕሮግራሞችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ያስተካክላሉ። ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ግን አይሆነውም፤ ምስሉ ከዘገየ ኳሱ ከተመታ በኋላ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተጠናቀቀው ኤልኢ ኦዲዮ የተባለው አዲሱ የብሉቱዝ ሥርዓት መዘግየቱን በእጅጉ ሊያሳጥር ይችላል፤ ላኪውም ተቀባዩም ካላወቁት ግን ዋጋ የለውም። በእኔ አስተያየት ለቴሌቪዥን ከሁሉ የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው በኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፅን የሚመልሰው ኤአርሲ መስመር፣ ወይም የኦፕቲክስ ገመድ ነው። ብሉቱዙን ለሸክላው እንተውለት።

መዘግየቱን በራሳችሁ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። ሸክላውን አጫውቱና የስፒከሩን ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ጆሯችሁን ወደ መርፌው አስጠጉ። መርፌው ራሱ በአየር ውስጥ በቀጭኑ ሲዘፍን ትሰማላችሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ቃል ከስፒከሩ ይደገማል። ስልካችሁን ከመርፌው አጠገብ አድርጋችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ቅረጹ፤ ቅጂውንም የድምፅ ሞገድ በሚያሳይ ፕሮግራም ከፍታችሁ ከአንድ የከበሮ ምት እስከ ድግሙ ያለውን ርቀት በሚሊሴኮንድ አንብቡ።