ጾም ሳይገባ የጾመ ራሽን
የካኩማ ካቶሊካውያን በዐቢይ ጾም መግቢያ

ካኩማ፦ በዚህ ካምፕ ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን አይገባም። አንዱ ቤት ሰኞ ይጀምራል፤ ጎረቤቱ ረቡዕ ግንባሩ ላይ አመድ ተቀብቶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፤ ሌላው ደግሞ “የእኛ ገና ነው፣ ወር ይቀረዋል” ይላል። ሁሉም ካቶሊክ ነው፣ ሁሉም ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው በጾሙ መግቢያ ላይ የእኛ ሰዎች በየዓመቱ የሚነጋገሩባቸውን ጥያቄዎች ነው፦ መቼ እንጹም? ምን እንጹም? በምን ቋንቋ እንናዘዝ? የልጆቻችን ጥምቀትስ በየትኛው መዝገብ ይጻፍ?

እንደሚታወቀው ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመ ካምፕ ሲሆን ከደቡብ ሱዳን፣ ከኮንጎ፣ ከሶማሊያ፣ ከብሩንዲ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ስደተኞች ይኖሩበታል። በካምፑ ያለው የቅዱስ መስቀል ቁምስና በሎድዋር ሀገረ ስብከት ሥር ነው። የሚያገለግሉት የዶን ቦስኮ ማኅበር ካህናት ሲሆኑ ማኅበሩ በካምፑ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ቁምስናው የላቲን ሥርዓት ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጣን ካቶሊኮች ግን ቁጥራችን ትንሽ ቢሆንም ብዙዎቻችን ያደግነው በግእዝ ሥርዓት ነው። ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የቀኑ ነገር

በአገራችን ካቶሊኩ ፋሲካን የሚያከብረው ከኦርቶዶክስ ወገኑ ጋር በአንድ ቀን ነው። በዚህ አገር ያለው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ግን የሚከተለው እ.ኤ.አ. በ1582 የተሻሻለውን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጾሞች አንዳንድ ዓመት ይጠጋጋሉ፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ይራራቃሉ።

ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. የአመድ ረቡዕ የዋለው የካቲት 6 ሲሆን የእኛ ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነበር። የኬንያ ካቶሊኮች መጋቢት 22 ፋሲካን ሲያከብሩ እኛ ገና ጾሙን አላጋመስንም ነበር፤ የእኛ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ሁለቱም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ላይ ገጠመ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ፈሰከ። በ2018 ዓ.ም. የእኛ ጾም መግቢያ ሰኞ የካቲት 9፣ የአመድ ረቡዕ የካቲት 11 ሲሆን የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳንም የሚገባው በዚያው ሳምንት ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ጾም ማለት ነው። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ይራራቃል፤ አመዱ የካቲት 3፣ የእኛ ጾም የካቲት 29 ላይ ይውላል።

የቀኑም ብዛት ይለያያል። የእኛ ከዘወረደ ጀምሮ 55 ቀን ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ “ክዋሬዝማ” የሚሉት የላቲኑ ጾም ከአመድ ረቡዕ እስከ ቀዳም ሥዑር 46 ቀን ሲሆን፣ እሑዶቹ ሲቀነሱ 40 ይሆናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከአገር ቤት እንደመጣን እንጹም ወይስ እንደ ቁምስናው? ብዙ ሰው ይህን የሚመልሰው በግምት ነው። “እዚህ ከመጣህ የእነሱን መከተል ግዴታ ነው” የሚል አለ። “የእነሱን ከጾምክ ሥርዓትህን ክደሃል” የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ሲሆን እኛን የሚመለከተው እሱ ነው። ቀኖና 883 ነገሩን ፈትቶታል። ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ግዛት ውጭ የሚኖር ምእመን በበዓላትና በጾም ቀናት የሚኖርበትን አገር ሥርዓት ሙሉ በሙሉ መከተል እንደሚችል ይናገራል። ይችላል ነው የሚለው፣ ይገደዳል አይልም። እናትና አባት ከተለያየ ሥርዓት የመጡ ከሆነም ቤተሰቡ ከሁለቱ አንዱን መያዝ ይፈቀድለታል። እንግዲህ አባት ከአዲግራት፣ እናት ከኮንጎ በሆኑበት ቤት ልጆቹ ሁለት ጊዜ መጾምም፣ ሁለቱን አምልጠው ጨርሶ አለመጾምም የለባቸውም። ባልና ሚስት ተቀምጠው ይመካከሩና አንዱን ይያዙ። ክፋቱ ያለው በየሳምንቱ መቀያየር ላይ ነው፤ አንዳንዱ ሥጋ ሲገኝ የዚያኛውን ቀን መቁጠሪያ ያነሣል፣ ይህን ደግሞ ልጆች ቶሎ ይማሩታል።

ከምን እንጹም?

ወደ ዋናው ጭንቀት እንምጣ። ካምፑ ውስጥ ስለ ጾም ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማው ምሬት ነው፦ “እኛ መቼ ፈስከን እናውቃለን?” እውነት አለው። የራሽኑ እህል፣ ባቄላውና ዘይቱ ቀድሞም የጾም ምግብ ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ገንዘብ ላለው እንጂ በራሽን ካርድ አይመጣም።

በዚያ ላይ መጠኑ ወርዷል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኬንያ ካምፖች የሚሰጠውን ምግብ ወደ ሙሉው ራሽን 28 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመትም እርዳታው ቤተሰቦችን በኑሮ አቅማቸው ከፋፍሎ ወደሚሰጥ አሠራር ተቀይሯል። በቀን አንድ ጊዜ የሚበላ ቤት ብዙ ነው። አንዱን ምግብ ወደ ማታ ገፍቶ “ጾምኩ” ማለት ይቻላል፤ ግን የተመረጠ ጾምና የመጣ ረሃብ አንድ አይደሉም።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ይህን ያውቃል። በላቲኑ ሥርዓት ምግብ መቀነስ ግዴታ የሚሆነው በዓመት ሁለት ቀን፣ በአመድ ረቡዕና በዕለተ ስቅለት ነው። እሱም ከ18 ዓመት እስከ 59 ዓመት ላለ ጤነኛ ሰው ሲሆን አንድ ሙሉ ምግብና ሁለት መጠነኛ መቅመስ ይፈቀዳል። ከሥጋ መከልከል የሚጀምረው ከ14 ዓመት ነው። ሕፃን፣ እርጉዝ፣ የምታጠባ እናት፣ በሽተኛ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይገደድም። ለምግብ እጥረት ክሊኒክ የሚመላለስ ልጅ ያላት እናት “ጾም ነው” ብላ ለሕፃኑ የተሰጠውን ማሟያ ብትከለክል ኃጢአቱ መከልከሉ ነው። በግእዙ ሥርዓት ያደጉ አዛውንቶቻችን ጾምን አጥብቀው መያዛቸው የሚያስመሰግን ነው። ግን የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች ባዶ ሆዳቸውን ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ከሚወድቁ፣ ከካህኑ ጋር ተነጋግረው ሌላ ትሩፋት ቢይዙ ይሻላቸዋል።

የሚጾም ነገርማ ሞልቷል። ጫት አለ፣ ቻንጋ አለ፣ በካርድ የሚባክን ገንዘብ አለ። ራሽን ተቀብሎ ሳያድር ሸጦ ቤተሰቡን የሚያስርብ አባወራ፣ ከሥጋ ቢከለከል ለማን ይጠቅማል? በብሔር እየተቧደኑ ቦኖ ላይ መሰዳደብም አለ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ከተራበ ጋር መካፈል እንደሆነ የሚናገረው በጾሙ መግቢያ ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ይነበባል። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን ሰምተን “ከየት አምጥተን?” ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን አዲስ የመጣ ቤተሰብ ካርዱ እስኪወጣለት ድረስ የሚያቆየው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ በአብዛኛው ጎረቤት ነው። አንድ ስኒ እህል የሚሰጠው ራሱ የቸገረው ሰው ነው። ምጽዋት በዚህ ካምፕ ከትርፍ የሚወጣ አይደለም።

ንስሐ በየትኛው ቋንቋ?

ሌላው ጭንቀት ንስሐ ነው። ካህኑ የሚናገሩት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ፣ ምእመኑ የሚችለው አማርኛ ወይም ትግርኛ። በዚህ የተነሣ ለዓመታት ያልተናዘዙ ሰዎች አሉ። “ሳይገባቸው እንዴት ይፈቱኛል?” ብለው ይቀራሉ፤ ከቁርባንም ይርቃሉ።

ሦስት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የግእዝ ሥርዓት ምእመን በላቲን ካህን ዘንድ ቢናዘዝም ቢቆርብም ትክክል ነው። ሁለተኛ፣ ቀኖና 990 በአስተርጓሚ መናዘዝን ይፈቅዳል። አስተርጓሚው እንደ ካህኑ ሁሉ የሰማውን ለማንም እንዳይናገር በሕግ የታሰረ ነው። አስተርጓሚውን የሚመርጠው ራሱ ተነሳሒው ቢሆን መልካም ነው፤ የገዛ ልጁን ወይም የብሎክ መሪውን አስተርጓሚ ማድረግ ግን የሚያሳፍርና የሚያሰጋ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከፋሲካ በፊት አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚችል ካህን ለጥቂት ቀን እንዲመጣ ቁምስናውን መጠየቅ ይቻላል። ይህ ጥያቄ መቅረብ ያለበት በጾሙ መጀመሪያ ነው። በሕማማት ሳምንት ቢጠየቅ የትም ቦታ ካህን ሥራ ላይ ነው።

የጥምቀት ወረቀት

የጾሙ መግቢያ ለፋሲካ የሚጠመቁ ንዑሰ ክርስቲያን ስማቸው የሚጻፍበት ወቅት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ የሚያስቡም ወረቀታቸውን የሚያሰባስቡት አሁን ነው። ብዙ ስደተኛ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን ይዞ አልወጣም። ይህን ፈርቶ ሳይጋባ አብሮ የሚኖር ወይም “ቢያጠምቁኝ ይሻላል” ብሎ ሁለተኛ ለመጠመቅ የሚያስብ አለ። ሁለተኛ ጥምቀት የለም። ቀኖና 876 እንደሚለው፣ በሰው ላይ ጉዳት የማያመጣ እስከሆነ ድረስ አንድ የታመነ ምስክር ቃል ለጥምቀት ማስረጃ ይበቃል፤ ሰውየው የተጠመቀው አዋቂ ሆኖ ከሆነ ደግሞ የራሱ መሐላ ይበቃል። ክርስትና አባት፣ አክስት ወይም አብሮ አደግ በካምፑ ካለ ይዞ መቅረብ ነው። ለጋብቻ ግን ነጻነትን የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ማጣሪያ ስላለ ጊዜ ይፈጃል።

በዚህ ካምፕ የተወለዱ ልጆች ነገርም ችላ የሚባል አይደለም። ሁለቱም ወላጆቹ የግእዝ ሥርዓት የሆኑ ልጅ በላቲን ካህን እጅ ስለተጠመቀ ብቻ ላቲን አይሆንም፤ የወላጆቹ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ድንጋጌ ይህ በጥምቀት መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ታዟል። ነገር ግን መዝጋቢው ካልተነገረው ከየት ያውቃል? ወላጆች ስሙ ሲጻፍ “እኛ ግእዝ ነን” ብለው መናገር አለባቸው። ዛሬ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገ ግን ያ ልጅ በሪሴትልመንት ካናዳ ወይም አሜሪካ ሄዶ የቤተሰቡን ሥርዓት ሲፈልግ፣ ከየት እንደመጣ የሚነግረው ያ መስመር ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ?

በኬንያ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የፍትሕና ሰላም ኮሚሽን በየዓመቱ የዐቢይ ጾም ዘመቻ ያካሂዳል። ለየሳምንቱ የመወያያ ርዕስ ያለው መጽሐፍ ያዘጋጃል፣ ሰዎችም በየ“ጁሙያው”፣ ማለት በየሰፈሩ ትንንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ተሰብስበው ይነጋገሩበታል። ጁሙያ በምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ማኅበር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋ አሠራር ነው፤ የኢትዮጵያ ጳጳሳትም የማኅበሩ አባል ናቸው። ስለዚህ የባዕድ ነገር አይደለም። የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይሄዱት በቋንቋ ምክንያት ነው። ሆኖም አምስትና ስድስት ቤተሰብ ሆኖ በአማርኛ ጁሙያ መጀመር የሚከለክለው የለም። ስዋሂሊ የሚያነቡ ልጆቻችን የሳምንቱን ርዕስ ይተረጉሙልናል፤ ለልጆቹም ክብር ነው።

ዓርብ ማታ የመስቀል መንገድ ጸሎት አለ። አሥራ አራቱን ምዕራፎች ለመከተል ቋንቋ አያስፈልግም፤ ሦስት ጊዜ የወደቀና ሦስት ጊዜ የተነሣ ሰው ታሪክ ለስደተኛ ትርጓሜ አይሻም። ቢያንስ በዚያ እንገናኝ።

በሰኞም ጀመርን በረቡዕ፣ የምንጠብቀው አንድ ትንሣኤ ነው። ቀናችን ባይገጥም እንኳ ጎረቤቱ የሚፈስከውን እኛ እየጾምን፣ እኛ ስንፈስክ እሱ ቡና ጠጥቶልን በሰላም እንድንኖር ማድረግ በእጃችን ነው። ለሁሉም የጾም ወራቱ የበረከት ይሁንልን።