ጁሪ በሌለበት አገር የዜጋ ድርሻ

ከአዲስ አበባ፣ ከለቡ ወይም ከመካኒሳ፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዜግነት የተቀበለ ወንድማችን የጁሪነት፣ ማለትም በፍርድ ቤት ተቀምጦ የመፍረድ፣ መጥሪያ ሲደርሰው፣ ምን በድዬ ይሆን ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ባደገበት አገር ፍርድ ቤት ተራውን ሰው የሚጠራው ተከሳሽ ወይም ምስክር አድርጎ እንጂ ፈራጅ አድርጎ አይደለምና። መጥሪያው ግን በአብዛኛው 18 ዓመት የሞላውን ዜጋ የሚመለከት ግዴታ ነው፤ ዜግነት ያላገኘው ደግሞ ወረቀቱን ከመጣል ይልቅ ዜጋ አለመሆኑን ጽፎ ይመልስ።

ይሁን እንጂ ሕዝብ በፍርድ መካከል መግባቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ባላጋራዎች በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረውና ተቆራኝተው ሲሄዱ ያገኙትን መንገደኛ በሕግ አምላክ ብለው ያስቆሙት ነበር፤ እርሱም ጉዳዩን አቋርጦ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና፣ አላፊ አግዳሚው ከብቦ እያዳመጠ፣ በላ ልበልሃ የሚባለውን ሙግት ሰምቶ ይፈርዳል። በነገሥታቱ ችሎትም ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳያደላ ፍርድ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ይሰጥ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም የመጨረሻውን ቃል ይናገራሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው፣ ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩን ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ሰብስቦ በደለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንንም ወደ ቤቱ የማያሰናብተው ጉባኤ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በ1166 እ.ኤ.አ. ከየአካባቢው 12 ሰዎች ምለው የሚጠረጠረውን እንዲያመለክቱ ካዘዘው ሥርዓት ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ልዩነቱ፣ እንግሊዞች ጠቋሚውን እያደር ፈራጅ አደረጉት፣ እኛ ግን በጠቋሚነቱ ተውነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ከእንግሊዞች መስቀለኛ ጥያቄን ሲወስድ ጁሪን አልወሰደም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመረምረው ዳኛው ብቻ ሆነ። በእኔ አስተያየት ይህ ጥፋት አልነበረም፤ ዕድሩ፣ ጽዋ ማኅበሩና አበልጅነቱ ሰውን ሁሉ ባስተሳሰረበት ከተማ ለተከሳሹ ባዕድ የሆኑ 12 ሰዎች ከወዴት ይገኛሉ? ከዚያ ወዲህ ነዋሪውን ወደ ወንበሩ ያቀረቡት የደርግ ዘመን የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎችና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ክርክር እንዲያዩ ሥልጣን የሰጣቸው የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ናቸው።

በመደበኛው ችሎት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ፈራጅ ባይሆንም መብት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የወንጀል ክስ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ያዛል፤ የተከራካሪዎች የግል ሕይወት፣ የሕዝብ ሞራል ወይም የአገር ደኅንነት ካላስገደደ በቀር በሩ አይዘጋም። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የራስህ ጉዳይ ባይኖርህም ስልክህን ዘግተህ ከኋለኛው ወንበር ተቀመጥና ስማ፤ ለምስክርነት የተጠራህ እንደ ሆነ ደግሞ ጎረቤቴን ላስቀይም ነው ብለህ አትቅር፤ መጥሪያ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ምስክር በፖሊስ ተይዞ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላልና።