የአዳራሹ ሳቅ ስንት ዋት ነው?

ስለ ድምፅ ሞገድ ባስተማርንበት አንድ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። “መምህር፣ ‘ሞንስተርስ ኢንክ’ የሚባለው የካርቱን ፊልም ላይ የልጅ ሳቅ ከልጅ ጩኸት አሥር እጥፍ ኃይል ይሰጣል ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?” ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅንና “ፊልም ነው እኮ” ብለን አለፍነው። ወደ ቢሯችን ስንመለስ ግን መልሳችን ቆጨን። ተማሪዋ የጠየቀችው ሊለካ ስለሚችል ነገር ነበር፤ ሊለካ የሚችልን ጥያቄ በሳቅ ማለፍ ደግሞ ከፊዚክስ መምህር የሚጠበቅ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሳችን ነው።

ፊልሙን ላላዩት አንባቢያን ጭብጡን በአጭሩ እንግለጽ። በፒክሳር ስቱዲዮ ተሠርቶ፣ በፒት ዶክተር ዳይሬክተርነት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2001፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1994 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው “የጭራቆች ኩባንያ” እንደ ማለት ነው። ኩባንያው በሌሊት በቁም ሣጥን በር በኩል ጭራቆችን ወደ ሕፃናት መኝታ ክፍል እየላከ ልጆችን ያስጮኻል፤ ጩኸቱ በሲሊንደር ይታሸጋል፤ የጭራቆቹም ከተማ በዚያ መብራቷን ታበራለች። ይሁንና ልጆቹ እንደ ድሮው በቀላሉ የሚደነግጡ ስላልሆኑ ከተማይቱ የኃይል እጥረት ገጥሟታል። መብራት ጠፍቶበት ሻማ ፍለጋ ለዳበሰ አንባቢ ይህ ክፍል ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም። በመጨረሻ ሰሊና ማይክ የተባሉት ሁለቱ ጭራቆች ሳቅ ከጩኸት አሥር እጥፍ እንደሚበልጥ ይደርሱበታል፤ ኩባንያውም ማስፈራራቱን ትቶ ማሳቅ ይጀምራል።

ተመልካቹ ፊልሙን የተቀበለው በደስታ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ከ62 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ለካርቱን ፊልም ታይቶ የማይታወቅ ነበር። እኛን የሳበን ግን ገንዘቡ ሳይሆን አዳራሹ ነው። ጭራቅ ሊያይ የመጣ ሕፃን አንዴ ይደነግጣል፣ ወዲያው ይስቃል፤ አጠገቡ ያሉት ወላጆቹም እንዲሁ። ስለዚህ ሲኒማ ቤቱ ራሱ በፊልሙ ውስጥ ካለው ፋብሪካ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሲሊንደሩን እዚያ ብንደቅን ምን እናገኝ ነበር?

ስሌቱን ከድምፅ እንጀምር። የድምፅ ብርታት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሚያርፍ ዋት ነው። ጆሯችን ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛው መጠን የአንድ ዋት አንድ ትሪሊዮንኛ ያህል ሲሆን፣ ይህ 0 ዴሲቤል ተብሎ ተሰይሟል። ከዚያ በኋላ በየ10 ዴሲቤሉ ብርታቱ 10 እጥፍ ያድጋል። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ 100 ዴሲቤል ከ80 ዴሲቤል በሩብ ብቻ የሚበልጥ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን የሚበልጠው 100 እጥፍ ነው።

ከልብ የሚስቅ ሰው ድምፅ አንድ ሜትር ራቅ ብለን ስንለካው 80 ዴሲቤል፣ በድንጋጤ የሚጮኸው ደግሞ 100 ዴሲቤል ነው ብለን እንነሳ። ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሠራጫል ብለን ብርታቱን በአንድ ሜትር ራዲየስ ሉል የገጽ ስፋት ስናባዛው፣ ሳቂው በሰከንድ የሚያወጣው የድምፅ ኢነርጂ 1.26 ሚሊዋት ይሆናል። ጩኸቱ 0.126 ዋት ነው። 300 ሰው ባለበት አዳራሽ ሁሉም ቢስቅ 0.38 ዋት፣ ሁሉም ቢጮኽ 38 ዋት እናገኛለን ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል ትንሽ መሆናቸውን ለመረዳት አንድ ሲኒ ውኃ ማፍላት እንሞክር። ሲኒው 60 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከ20 ዲግሪ ተነሥተን እዚያ ለመድረስ 18,000 ጁል ያስፈልገናል። ቅንጣት ኢነርጂ ሳይባክን ሁሉም ወደ ውኃው ቢገባ እንኳ፣ 300 ሰው ያለ ማቋረጥ 13 ሰዓት መሳቅ ይኖርበታል። ከጮኹ ግን 8 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ለአንድ ሲኒ ነው እንግዲህ፤ አቦሉን ለእንግዶች ሁሉ ለማዳረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አንባቢ ያስላው።

ስለዚህ የተማሪዋ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ በድምፅ ከተለካ ፊልሙ ነገሩን ገልብጦታል። ጩኸት ሳቅን በ100 እጥፍ ይበልጠዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብንቆም ሁለተኛ ስሕተት እንሠራለን። በሰከንድ የሚወጣው መጠን አንድ ነገር ነው፤ ጠቅላላው ድምር ሌላ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ውስጥ ድንጋጤ ለቅጽበት መጥቶ ይሄዳል፤ ሳቅ ግን ይመላለሳል። በ92 ደቂቃው ፊልም ውስጥ አዳራሹ በድምሩ 5 ደቂቃ ቢስቅ የሚያወጣው የድምፅ ኢነርጂ 113 ጁል ነው። ይህንኑ ያህል ለማግኘት 3 ሰከንድ መጮኽ ይበቃል። ሦስት ሰከንድ ሙሉ አዳራሹ በአንድ ላይ የጮኸበት አስቂኝ ፊልም ግን እኛ አላየንም። እንግዲህ በተራ ምሽት ሳቅ በድምር ጩኸትን ሊያሸንፍ ይችላል። ያም ሆኖ አሥር እጥፍ ለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለንም።

ሳቅ ሌላም ጠባይ አለው። በሳቅ ላይ ለዓመታት ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮቫይን እንዳሳየው፣ ሳቅ እያንዳንዳቸው ወደ 75 ሚሊ ሰከንድ የሚቆዩና በየ210 ሚሊ ሰከንዱ የሚደጋገሙ አጫጭር ድምፆች ሰንሰለት ነው፤ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። እኚሁ ተመራማሪ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል ይበልጥ እንደሚስቅም ደርሰውበታል። አንድን ፊልም ቤት ውስጥ ብቻችንን ስናየው ፈገግ ብለን የምናልፈው ቦታ በአዳራሽ ውስጥ የሚያንከተክተን ለዚህ ነው።

የ300 ሰው ሳቅ ሲደመር ደግሞ የሳቂዎቹ ሞገዶች አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ፣ የሚደመረው የግፊታቸው ከፍታ ሳይሆን ኢነርጂያቸው ነው። ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት እናገኛለን። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ቢሆን የድምፁ መጠን የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ይህን ልዩነት እምብዛም አያስተውለውም። ተመልካቹ ከቀነሰ ሳቁም በዚያው ልክ ቀጭን ሆኖ የሚሰማን ቢሆንማ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አዳራሽ ገና ፊልሙ ሳይጀመር ተስፋ ያስቆርጥ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የምንስቀው በድምፅ ብቻ አይደለም፤ ድያፍራምና የሆድ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ልብ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የሚተነፍሱት አየር በሚለካበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሆነው አስቂኝ የፊልም ቁርጥራጮችን እንዲያዩ ተደረገ። ከልብ ሲስቁ ሰውነታቸው የሚያወጣው ኢነርጂ በዕረፍት ላይ ከነበረው ከ10 እስከ 20 በመቶ ጨምሯል። አርፎ የተቀመጠ ሰው 80 ዋት ያህል ሙቀት ይለቃል ብንል፣ የሳቅ ጭማሪው ከ8 እስከ 16 ዋት ይሆናል። አማካዩን 12 ዋት እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ በድምፅ መልክ የሚወጣው 1.26 ሚሊዋቱ ብቻ ነው፤ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ገደማ። የቀረው በሙቀት መልክ ወደ አዳራሹ ይገባል።

ስለዚህ 300 ሰው ሲስቅ ድምፁ ግማሽ ዋት እንኳ ሳይሞላ፣ ሙቀቱ 3.6 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ቢሰበሰብ ሲኒያችንን በ5 ሰከንድ ያፈላው ነበር። ኩባንያው ሲሊንደሩን የደቀነው በተሳሳተ ቦታ ነው ልንል እንችላለን። ሆኖም የጭራቆቹ መሐንዲስ ቴርሞዳይናሚክስ ተምሮ ከሆነ በዚህ ፈጥኖ አይደሰትም። የሰው ቆዳ 33፣ አዳራሹ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል የሚሠራ የትኛውም ሞተር፣ እንከን የለሽ እንኳ ቢሆን፣ ከሙቀቱ ከ4 በመቶ ብዙም የማይበልጠውን ብቻ ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው። 3.6 ኪሎ ዋቱ ቀልጦ 150 ዋት ይቀራል። ኢነርጂው አልጠፋም፤ ነገር ግን ለብ ብሎ የተበተነ ኢነርጂ እንደ ኤሌክትሪክ ለሥራ የሚታዘዝ አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁለተኛውን ሕግ ሲሸመድዱ ብዙ ጊዜ የሚያመልጣቸው ይኸው ነው፤ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ጥራቱም ይቆጠራል።

ከዚያ ሙቀት ጋር የሚወጣው ትንፋሽ ግን ሌላ ነገር ይዟል። በማይንዝ፣ ጀርመን፣ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ኬሚስትሪ ተቋም ተመራማሪዎች ከሲኒማ አዳራሽ የሚወጣውን አየር ያለማቋረጥ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። 16 ፊልሞች፣ 9,500 ያህል ተመልካቾች ነበሩ። አንድ ፊልም ለተለያዩ ተመልካቾች በተለያየ ቀን ሲታይ፣ በአየሩ ውስጥ ያሉት የካርቦን ዳይኦክሳይድና የሌሎች ጋዞች መጠን በተመሳሳይ ትዕይንት ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ይወጣና ይወርድ ነበር። ጎልተው የታዩት ደግሞ ሁለት ዓይነት ትዕይንቶች ናቸው፤ ልብ የሚያንጠለጥሉና የሚያስቁ። ፍርሃትና ሳቅ ሁለቱም በአየር ላይ ፊርማቸውን ይተዋሉ። በዋት ስንመዝነው ምንም የማይመስለው የተመልካች ስሜት፣ በመረጃነቱ ግን መሣሪያ ሊያነበው እስከሚችል ድረስ ግልጽ ነው።

አንድ ስሌት ቀረን። የሰሊ ሰውነት 2.3 ሚሊዮን በሚሆኑ ፀጉሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ እንቅስቃሴያቸው በኒውተን ሕጎች ላይ በተመሠረተ ፕሮግራም የተሰላ ነው። ሰሊ ያለበትን አንድ ምስል ለማውጣት ኮምፒውተሩ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበት ነበር፤ በሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ 100 ዋት ይወስዳል ብንል አንዱ ምስል 4.3 ሚሊዮን ጁል ፈጅቷል። በአዳራሻችን የ113 ጁል ሳቅ ይህን አንድ ምስል ለመክፈል ፊልሙ 38,000 ጊዜ መታየት አለበት።

ይህን ሁሉ ይዘን በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ገባንና ለመልሳችን መዘግየት ይቅርታ ጠይቀን በሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ተማሪዋ ለጥቂት ጊዜ ሰሌዳውን ተመለከተች። “መምህር፣ ድምፅ እኮ ከአፍ ወደ ፊት ነው የሚበዛው። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል ያሉት ልክ አይደለም” አለች። ልክ ናት። ሁለቱም ቁጥሮች ከጻፍነው መቀነስ አለባቸው፤ መቶ እጥፉ ግን እንዳለ ይቆያል።