ብርድ፣ ብርሃንና የሰብል ቅጠል



ቅዝቃዜ ሰብልን የሚጎዳው ውርጭ ሲሆን ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ የተለመደ ነው። ይሁንና በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ገና ሳይረጋ፣ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ፣ ተክሉ የኃይል ሚዛኑ ይዛባበታል። ክሎሮፊል ብርሃን የሚቀበልበት ሂደት በሙቀት መጠን እምብዛም አይወሰንም፤ ስኳር የሚሠሩት ኢንዛይሞች ግን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነታቸው በግማሽ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ይወርዳል። ሥራ ያላገኘው ኃይል ወደ ኦክስጅን ሲተላለፍ ጎጂ ውሁዶችን ይፈጥራል፤ የብርሃን አስተጻምሮ ፕሮቲኖችንም ይጎዳል። በብርድ ጊዜ ብርሃን ራሱ ዕዳ ይሆናል ማለት ነው።

ተክሉ ይህን ዕዳ የሚያቃልልባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ዚያዛንቲን በተባለው ቀለም አማካይነት ትርፉን ኃይል በሙቀት መልክ ማስወገድ ነው። ይህ ቅጠሉን ያድናል፤ ምርት ግን አይሆንም። ሁለተኛው የመጠቀም ዐቅምን ማሳደግ ነው። በካናዳ በመጸው ተዘርቶ ብርዱን የሚያሳልፈው ስንዴ በቅዝቃዜ ውስጥ የሚያወጣቸው አዳዲስ ቅጠሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዙትንና ሱክሮስ የሚሠሩትን ኢንዛይሞች አብዝተው ያመርታሉ፤ የኢንዛይሞቹን ዝግታ በብዛታቸው ያካክሳሉ። የሚጠራቀመው ስኳርም ህዋሱን ከውርጭ ለመከላከል ያግዛል። መነሻው ሞቃት አካባቢ የሆነው በቆሎ ግን ይህ ዐቅም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ከ15 ዲግሪ በታች የሚያድጉ ቅጠሎቹ ገርጥተው ይወጣሉ።

ካናዳዊው ተመራማሪ ኖርማን ሁነርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በ5 ዲግሪ በመጠነኛ ብርሃን ያደገ ተክልና በ20 ዲግሪ በብርቱ ብርሃን ያደገ ተክል በብርሃን አስተጻምሮ ጠባያቸው ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ቅጠሉ የሚለካው ብርዱን ብቻ ሳይሆን፣ በሚገባውና ሥራ ላይ በሚውለው ኃይል መካከል ያለውን ልዩነት ጭምር ነው።

ይህ እኛንም ይመለከታል። የካናዳው ስንዴ ብርዱን የሚለማመደው በሳምንታት ውስጥ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚበቅለው ገብስ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱን ከውርጭ ጋር ታግሎ፣ ጠዋት ቅጠሉ ገና ሳይሞቅ ብርቱ ፀሐይ ይጠብቀዋል። በመሆኑም ዝርያ ስንመርጥ ከውርጭ የተረፈውን መቁጠር ብቻ አይበቃንም። በማለዳ የክሎሮፊልን ፍሎረሰንስ እንለካ፤ በጤናማ ቅጠል 0.83 ገደማ የሚሆነው ከፍተኛው የብርሃን አጠቃቀም ብቃት ምን ያህል እንደወረደና በስንት ሰዓት እንዳገገመ እንመዝግብ። ከውርጭ ተርፎ ኃይሉን ሁሉ በሙቀት የሚለቅ ገብስ ቆሞ ይታያል፤ ጎተራ ግን አይሞላም።